ፍየል ሊያስቆጥር የመጣው መምህር

እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሬዲዮና መንገደኛ ሻይ ቤቴ ከረሳቸው መጻሕፍት ነው። ዲግሪ የሚባል ነገር የለኝም። ቢሆንም እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ፣ ሴቶችን በቀበሌው አዳራሽ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ያንን አዳራሽ የነጠቀኝን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ወጣት መምህር ነው፤ ከጣርማ በር ማዶ፣ ከደጋ የመጣ። አዳራሹን ለራሱ የክፍያ ትምህርት ፈልጎታል። ቀበሌው ደግሞ «ሴትዮዋ ትችል እንደሆነ እይልን» ብሎ የላከው እሱኑ! ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው።

የዚያን ቀን ትምህርቴ ብዙ ቁጥር ነበር። «እኛ ሦስት ሽንኩርት፣ አምስት ሽንኩርት ብለን እናልፋለን፤ ቁጥሩ ከተጠራ ምን ቀረው? እንግሊዝኛ ግን ተጠራጣሪ ነው፤ ቁጥሩን ሰምቶም ስሙ ላይ ‹ስ› ካልለጠፉለት አያምንም» ስል ሴቶቹ ይስቃሉ። ምሳሌዬ ሁልጊዜ ሽንኩርት ነው። ያለ ምክንያት አልነበረም።

መምህሩ ከኋላ ተነሳና ከቀወት ገጠር በእግራቸው የሚመጡ አንዲት ፍየል አርቢ እናት ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«አንቺ! ስንት ፍየል አለሽ? በእንግሊዝኛ መልሺ።»

እናቱ የሚሆኑትን ሴት አንቺ አላቸው! እሳቸው ሻሻቸውን አስተካክለው፣ «አይ ሃቭ ጎት» አሉ።

«አንድ ብቻ?»

«ጎት» አሉ ደግመው፣ መሬት መሬት እያዩ።

ወደ እኔ ዞረ። «ይኸው! ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ስ›ን እንኳ አላስያዝሻቸውም።»

ሴትየዋ «ስ»ን አሳምረው ያውቋታል። ግን በእኛ ቆላ የሚተነፍስ ነገር በሰው ፊት አይቆጠርም፤ ፍየልም ይሁን ልጅ ዓይን ይበላዋል። በአማርኛ «ፍየል አለኝ» ብለን እንሸፋፍነዋለን፤ ልኩን ፈጣሪና ባለቤቱ ያውቁታል። ሽንኩርት የመረጥኩትም ለዚሁ ነበር። ይህንኑ ነገርኩት።

«ኋላቀርነት!» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጫር ጫር አደረገ።

እናትየው ቀና አሉ። «ወላሂ ልጄ፣ አንተስ ስንት ወንድም አለህ? እናትህ ስንት ወለዱ?»

«ወንድምማ አለኝ» ብሎ ማስታወሻውን ከደነ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ግን አላዳነኝም። በሳምንቱ ቁልፉን አስረከብኩ። ሴቶቹ ተከትለውኝ መጥተው አሁን ሻይ ቤቴ በረንዳ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ በደብተራቸው እያራገቡ ይማራሉ።

ሰሞኑን ሰውየው በባጃጅ ሲያልፍ አስቆመና፣ «ስንት ቀሩልሽ?» አለኝ።

«ሰው አለኝ» ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት።