«ዝናብ የለም» ያለው ስልክ

ጣሪያ ሠሪው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲከድን ኖሮ፣ የገዛ እናቱ ቤት ቆርቆሮ ዝጎ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። እናቱ ሳንባቸውን ታማሚ ናቸው፤ ሐኪሙም «እርጥበት እንዳይነካቸው» ብሎ አስጠንቅቋል። ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋቸው ከጥግ ወደ ጥግ ሲገፋ ከርሞ፣ አሁን የሚገፋበት ደረቅ ጥግ ጠፋ።

አሮጌውን አንሥቶ አዲሱን ለመምታት አንድ ሙሉ ደረቅ ቀን ያስፈልገዋል። እስከዚያ ታናሽ እህቱ ቤት እንዲያርፉ ቢለምናቸው፣ «ቤት እያለኝ እንግድነት አልሄድም» ብለው ድርቅ አሉ።

ስልኩ ላይ ሦስት የአየር ትንበያ አፖች ጫነ። ስለ አንድ ሰማይ ሦስት ዓይነት ወሬ ያወራሉ፤ አንዱ ፀሐይ ሲል ሌላው ካፊያ ይላል፣ ሦስተኛው ነጎድጓድ። የትኛውን ይመን? ግድግዳው ላይ በእርሳስ ሠንጠረዥ አሰመረና የእያንዳንዱን ትንበያ ጽፎ፣ ልክ የሆነውን በየቀኑ ምልክት ያደርግበት ጀመር። የሥራ ጓደኞቹ «ሜትሮሎጂ» የሚል ስም አወጡለት። እሱ ለመሳቅ አቅሙ አልነበረውም፤ እናቱ ባሳሉ ቁጥር እጁ ኪሱ ውስጥ ወዳለው ስልክ ይሄዳል።

በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ከሦስቱ ምልክቱ ቢጫ የሆነው አፕ አሥራ አንዱን ልክ አገኘ። ሌሎቹ ይዘንባል እያሉ ደጋግመው ዋሹት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጧት ቢጫው «ዝናብ የለም» አለ። ሌሎቹ ሁለቱ «ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሁለት ለአንድ እኮ ነው» አለች እህቱ።

«ሁለቱም ቀጣፊዎች ናቸው፤ ፈትኜያቸዋለሁ!»

መሰላሉን አቆመ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ አሮጌው ወርዶ አዲሱ ገና ግማሹ እንደተመታ፣ ሰማዩ ጠቆረ። ላስቲክ ሊወጥር ሲል ነፋሱ ነጠቀው። ዝናቡ ዱብ ሲል ዘሎ ወርዶ፣ ቤቴን አልለቅም ብለው አልጋቸው ላይ የቀሩት እናቱ ላይ ተደፋባቸው፤ ውሃው በጀርባውና በጎኑ እየወረደ አልጋው ውስጥ ገባ።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ!»

«ተነሥ ከላዬ፣ ልታፍነኝ ነው» አሉ እየተንቀጠቀጡ።

እህቱ ከጎረቤት ጋር በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ኮሪደሩ ላይ ከወንድሟ ጎን ተቀምጣ፣ «ግድግዳው ላይ የጻፍከውን ሳየው ነበር» አለች። «ቢጫው በአሥራ ሁለቱም ቀን ፀሐይ ነው ያለው። የሳታት አንዷ ቀን የዘነበባት ናት። ዝናብ ማለት ጭራሽ አያውቅም እኮ፣ ጋሼ። ቀኖቹ ደረቅ ስለነበሩ ነው ያመንከው።»

ግንባሩን ከግድግዳው አስደግፎ ቀረ።

በማግስቱ ዝናብ እየደበደበው ጣሪያውን ጨረሰ። ማንም ሊያስወርደው አልቻለም። እናቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከነኦክስጅናቸው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ጠብታ ሳይነካቸው አርባ ቀን ያህል ከተኙ በኋላ ሕይወታቸው አለፈ።

በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ «ሳንባቸው ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ?» ይለው ነበር። «እሺ» ይላል። ቀና ብሎ ግን ማንንም አላየም።