አንደኛ ማዕረግ፣ በመስኮት በኩል

ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሰው ገንዘቡን ከማበደሩ በፊት የሚያማክረው አንድ ሐጂ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ቲኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ጫት ይቅማል። በእኛ ከተማ አንቱታ ብዙ ስለማይሠራ ሁላችንም «አንተ» ነበር የምንለው፤ እዚህም እንደዚያው ልጻፈው።

ሐጂ ተበዳሪን የሚመዝነው በባቡር ማዕረግ ነው። አንደኛ ማዕረግ የሆነ ሰው ገንዘብህን በቀኑ ይመልሳል። ሁለተኛ ማዕረግም ይመልሳል፤ ግን ሦስት ጊዜ ያመላልስሃል። ሦስተኛ ማዕረግ የሚመልስልህ ከነፍየሉ ከነዶሮው ነው፤ ግማሹን በብር፣ ግማሹን ቤቱ ውስጥ ባገኘው ነገር። ከዚያ በታች ያለው የዕቃ ፉርጎ ይባላል። «ለዕቃ ፉርጎ ያበደረ ሰደቃ ሰጠሁ ብሎ ይጽናና» ይላል ሐጂ።

እኔ ያኔ ሁለት መቶ ብር ነበረኝ። ቀበሌው ፊት ለፊት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ማመልከቻ አንዱን በአንድ ብር እየጻፍኩ ከዓመት በላይ ያጠራቀምኩት ነው። ማመልከቻዎቼ ሁሉ በአብዮታዊ ሰላምታ ይጀምሩና ስኳር ይጠይቃሉ። ብሩን የያዝኩት ለአንድ ነገር ነበር። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሱቋን ዘግታ ቤቷ የተቀመጠች አንዲት አርመናዊት ማዳም የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ትሸጣለች። ግጥሞቼን በእጄ እየጻፍኩ ለጋዜጣ ብልክም መልስ አላገኝም ነበር፤ ጥፋቱም የእጅ ጽሑፌ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ጥፋቱ የግጥሞቹ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ በደጄም አላለፈ።

የመኪናው ዋጋ ሁለት መቶ ሰማንያ ነው። ማዳም እስከ ወሩ መጨረሻ ልትጠብቀኝ ቃል ገባች። ከዚያ በኋላ ከሐረር የሚመጣ ገዢ አለ።

በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች ብድር ጠየቁኝ። አንዷ ሳቢያን ሰፈር ሳምቡሳ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት፤ ለዱቄትና ለዘይት መቶ ብር ፈልጋ በወሩ መቶ አምስት ልትመልስ። ሌላው ከጅቡቲ በኩል ጨርቅ የሚያስገባ ነጋዴ ነው፤ ሁለት መቶ ወስዶ በሦስት ሳምንት ሁለት መቶ ሰማንያ ሊመልስ። ወለድ ሐራም ስለሆነ ትርፉ «ምስጋና» ይባላል። የሳምቡሳዋ ምስጋና አምስት ብር፣ የነጋዴው ሰማንያ። ሰማንያ! ልክ የጎደለኝን ያህል። ይህን ያህል የሚያመሰግን ሰው ምን ያህል ደግ ቢሆን ነው ብዬ ተደነቅኩ።

ሳምቡሳ ሻጯ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ።

«ዋሪያ፣ ገጣሚው! ያ ሰውዬ ዘመድ የለውም? ጓደኛ የለውም? በአምስት ብር የሚያበድረው ቢያገኝ ላንተ ሰማንያ ይሰጥ ነበር?»

«ሰማንያ የሚሰጠው ስለሚያተርፍ ነው።»

«ሰማንያ የሚሰጥህ የሚያውቁት ሰዎች ስለሚፈሩት ነው። አንተ አትፈራም፣ ስለማታውቅ። እኔ መጥበሻዬን ይዤ የት እሄዳለሁ? አምስት ብሬ ለዚህ ነው።»

ምቀኝነት መሰለኝ። ለማንኛውም ብዬ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ጥፋቴ የሄድኩበት ሰዓት ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ በረንዳው ሙሉ መርቅኗል። በዚያ ሰዓት መጋላ ውስጥ ድሃ የለም፤ ደረቁ ወንዛችን ደቻቱም ዓመቱን ሙሉ ውሃ አለው።

«ሐጂ፣ ጨርቅ ነጋዴውን ስንተኛ ማዕረግ ትለዋለህ?»

«እሱን?» አለ ሐጂ፣ ፊቱ ካለው የጫት እሰር ለጋ ለጋውን እየቀነጠበ። «አንደኛ ማዕረግ! በመስኮት በኩል፣ ከነትራሱ!»

«ሳምቡሳ ሻጯስ?»

«ሦስተኛ። እዚህ በረንዳ ላይ አይቻትም አላውቅ።»

እሰሩን አቅፎ ያመጣው ነጋዴው ራሱ መሆኑን ስገባ አይቻለሁ። ዓይኔ ሁሉን ያያል። ያየውን ለጭንቅላቴ የሚነግረው ግን ዘግይቶ ነው።

ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነጋዴው የፈለገው «ወስጃለሁ፣ እመልሳለሁ» የሚል ብቻ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ደረቅ ነገር ከእጄ እንዲወጣ አልፈለግኩም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ አሳመርኩት፦

«ዕቃዬ በሰላም ድሬ ሲገባልኝ፣
ብሩን ከነምስጋናው መክፈል አለብኝ።»

ነጋዴው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ማሻአላህ፣ ምን ያለ አማርኛ ነው!» ብሎ ሐሳቤን ሳልቀይር ፈረመ። እኔም አንድ ቅጂ ሰጥቼው ኮራሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጉምሩክ ጠባቂዎች፣ እኛ ፊናንስ የምንላቸው፣ ጨርቁን ከነግመሎቹ ያዙት። ቤቱ ስደርስ ነጋዴው ቅጂውን አጣጥፎ ይዞ ጠበቀኝ።

«ወንድሜ፣ እስቲ አንብብልኝ። ዕቃዬ በሰላም ገባ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ?»

ስንኞቹን ደግሜ አነበብኳቸው።

«ግን ቤት ይመታል» አለኝ ሊያጽናናኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ሬዲዮኑን ሸጦ ስድሳ ብር ሰጠኝ፤ የቀረውን «አላህ ሲከፍት» አለ። አላህ መቼ እንደሚከፍት ውሉ ውስጥ አልጻፍኩም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ላይ ደረስኩበት። ገና አልቃመም፤ ፊቱ እንደ ተዘጋ ጣቢያ ነው።

«ሐጂ፣ ነጋዴው ስንተኛ ማዕረግ ነው?»

«ከሀዲድ ወጥቷል።»

«ባለፈው አንደኛ ማዕረግ አላልከኝም?»

«ባለፈው ባቡሩ እየሄደ ነበራ!»

«ጫቱንም እሱ ነበር የሚገዛልህ!»

«አቦ፣ ተሳፋሪ ካልከፈለ ቲኬት ቆራጭ ምን ይበላል?»

የወሩ መጨረሻ ሁለት ቀን ሲቀረው ማዳም ዘንድ ሄድኩ። ስድሳውን አሁን ልስጥ፣ የቀረውን በየወሩ ልክፈል አልኳት። መኪናው ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ተነሥቶ ተቀምጧል፤ ፊደሎቹ በጥርስ የሚስቁ ይመስላሉ።

«ማን ያውቅሃል?» አለችኝ።

«ሐጂ ያውቀኛል። ባቡር ላይ የነበረው።»

«አውቀዋለሁ። ስንተኛ ማዕረግ እንደሆንክ ጠይቀህ ና።»

እንግዲህ የማደርገውን አውቅ ነበር። ከስድሳው ሦስት ብር አንሥቼ እሰር ገዛሁ፣ አሥር ሰዓት እስኪሆን ጠበቅኩ፣ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ሐጂ እሰሩን ፈትቶ አየ፤ ቀነጠበ፤ አሰበ።

«አንተ? አንደኛ ማዕረግ!»

«በመስኮት በኩል?»

«በመስኮት በኩል፣ ከነትራሱ!»

በገዛ ሦስት ብሬ የገዛሁት መሆኑን እያወቅኩ ደስ አለኝ። ከዚራ እስክደርስ በሁለት እግሬ የሄድኩ አልመሰለኝም።

«ምን አለ?» አለች ማዳም።

«አንደኛ ማዕረግ።»

«ጠዋት ነው ያለው ወይስ ከሰዓት?»

እዚህ ከተማ አርባ ዓመት የኖረች ሴት መሆኗን ዘንግቼ ነበር።

«ከሰዓት።»

«ጫቱንስ ማን ገዛ?»

መኪናውን አየሁት። ማዳም ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ ክዳኑን መለሰችበት። «የሐረሩ ሰውዬ ማዕረግ የለውም» አለች፤ «ጥሬ ብር ነው ያለው።»

ስመለስ በሳቢያን በኩል አልፌ ለሳምቡሳ ሻጯ ሃምሳ ብር አበደርኩ። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ።

«ጻፍ» አለችኝ። «ሃምሳ ብር ወስጃለሁ። በወሩ ሃምሳ ሁለት ብር ተኩል እመልሳለሁ።»

ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ አንድ ትንሽ ነገር ብትጨመርበት ያምር ነበር።

«እጅህን አንሣ!» አለችኝ፣ በዘይት በራሰ ጣቷ ወረቀቱን ነጥቃ።

በወሩ ሃምሳ ሁለት ብር ተኩሉን አመጣች፤ አንድ ሳምቡሳም ጨመረችበት። በዚህ አካሄድ የጽሕፈት መኪና የምገዛበትን ቀን አስልቼ ተስፋ እንዳልቆርጥ ስሌቱን ትቼዋለሁ። ይህንንም የጻፍኩት በእጄ ነው።