መጀመሪያ ኳሷ፣ ቀጥሎ መሬቱ

ወንድሜ ከድር ባለፈው ወር ከቦንጋ ወደ ጅማ ሲመጣ እንደ ልማዱ ማርና ኮረሪማ ይዞልኝ ነበር። ሻዩን ጠጥቶ፣ የልጆቹን ወሬ ነግሮኝ ሲያበቃ ከኮቱ ኪስ በመሀረብ የተቋጠረ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የቤቴን መሠረት የሚቆፍሩት ልጆች ናቸው ያገኙት፤ የእባብ እንቁላል ነው ብለው ሊሰብሩት ነበር» አለኝ። መሀረቡን ስፈታው ጭቃ የጠጣች፣ መልኳ የወየበ ቢጫ የጎልፍ ኳስ ናት። ከድር ቀና ብሎ አላየኝም። የተገኘችበትን ቦታ ሲነግረኝ ግን ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ቦታውን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ በቅድሚያ ይህች ኳስ ቦንጋ እንዴት እንደገባች ላውራችሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ሞባይል የሚባል ነገር ቦንጋ ሳይደርስ፣ ከሰፈራችን በታች ሰፊ የከብት ግጦሽ ሜዳ ነበር። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ቦንጋ ውስጥ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ከሱቃችን ቀጥሎ ባለው ቤት ደግሞ ጋሽ አዴሎ ይኖሩ ነበር። ጋሽ አዴሎ የካፋ ተወላጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው፣ እዚያ ባለ የጎልፍ ሜዳ የፈረንጅ ቦርሳ ሲሸከሙና ሣር ሲያጭዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ገቡ። በዚያን ጊዜ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ብርድ ልብስ ወይም ቴፕ ይዞ ነበር የሚመጣው። እሳቸው ይዘው የመጡት ሁለት ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ነው። «ይህን ሁሉ ዘመን ከርመው የከብት ዱላ?» አለች እናቴ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ በስልጥኛ።

አንደኛው ዱላ ጫፉ እንደ ጡጫ የተድቦለቦለ ጥቁር እንጨት ነበር። የሁለተኛው ጫፍ ጠፍጣፋና ጋደል ያለ ብረት ነው። ጋሽ አዴሎ «እንጨቱ» እና «ብረቱ» ነበር የሚሏቸው፤ ሲያወሩላቸው እንደ ሁለት ልጆቻቸው ነው። ሜዳውን መሃል ለመሃል ረግረግ ይቆርጠዋል። ከረግረጉ ማዶ እንደ መደብ የተስተካከለች ጠባብ ቦታ አለች፤ ከእሷ በስተኋላ ወዲያው የቡናው ጫካ ይጀምራል። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ ቀበሩ፣ ቀይ ጨርቅ ያሰሩበት ቀርከሃ ተከሉ፣ ሣሩንም በማጭድ እያጨዱ እንደ ምንጣፍ አደረጉት። ጨዋታው ከወዲህ ሆኖ ኳሷን ረግረጉን አሻግሮ ጣሳው አጠገብ ማሳረፍ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ መጥተው ሞከሩ፤ ወር ሳይሞላ ሰለቻቸውና ወደ እግር ኳሳቸው ተመለሱ። እኔ ቀረሁ። ከድርም እኔ ስለቀረሁ ቀረ።

እንጨቱ ከመጀመሪያው ቀን ታዘዘልኝ። የገና ሰሞን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆች ጋር ሩር ስለጋ ነው ያደግኩት፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ስለሚባል የቁርጭምጭሚቴን እብጠት ለእናቴ እንኳ ሳልናገር። እንጨቱን እንደ ገና ዱላ አዙሬ ስጠርገው ኳሷ ረግረጉን አለፈች፣ ቀርከሃውን አለፈች፣ ጫካው ውስጥ ገባች። ልጆቹ ጮኹ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ጋሽ አዴሎ ግን የኳሱን ከረጢት መዘን መዘን አድርገው «ይቺ ልጅ ታስጨርሰኛለች» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያ ጫካ የበላውን አይመልስም። ከድር ፈልጎ ሲመለስ እግሩን ሳማ ለብልቦት፣ እጁ ባዶ ነው፤ «ጦጣ ወስዶት ነው» ይላል። እኔ ሩቅ በመታሁ ቁጥር ከረጢቱ እየቀለለ ሄደ።

«ሩቅ መሄድና መድረስ አንድ አይደለም፤ እንጨቱ ሩቅ ይወስድሻል፤ እዚያች ቦታ የሚያደርስሽ ግን ብረቱ ነው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ብረቱን እያቀበሉኝ።

በብረቱ ግን ጉድ ሆንኩ። አንዴ ከኳሷ በስተኋላ ያለውን መሬት እቆፍራለሁ፤ ኳሷ ሁለት እርምጃ ያህል ተንከባልላ ስትቆም ጭቃው ፊቴ ላይ ነው። አንዴ ደግሞ አናቷን እመታትና እንደ አይጥ መሬት ለመሬት ሮጣ ረግረጉ ውስጥ ትገባለች። እንጨቱን ለምጄዋለሁና ብረቱ ጠላቴ መሰለኝ። ኃይል ስጨምር ይብሳል። አባቴ ከሱቁ በር ሆኖ ሲያየኝ «ነጂማ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ጋሽ አዴሎ ጥፋቴን ቶሎ ነበር ያወቁት። ኳሷ ከፍ ብላ እንድትበር ስለጓጓሁ እኔው ላነሳት እሞክራለሁ፤ ወደ ኋላ እንጋለላለሁ፣ ትከሻዬን እሰቅላለሁ፣ ሳልመታ ቀና ብዬ አያለሁ። «አንቺ አታንሺያት፤ ማንሳት የብረቱ ሥራ ነው» ይሉኛል። «ጋደል ብሎ የተሠራው ለምን ይመስልሻል? አንቺ ወደ ታች ምቺያት፣ እሱ ወደ ላይ ያወጣታል።» ወደ ታች የተመታ ነገር ወደ ላይ ይወጣል ሲሉኝ ለእኔ እንዴት ብሎ ይዋጥልኝ! ለእንጨቱ ከግራ እግሬ አጠገብ የማስቀምጣትን ኳስ ለብረቱ ወደ መሃል አመጧት። ክብደቴን ግራ እግሬ ላይ እንድጥል፣ እጄ ከዱላው ጫፍ እንዲቀድም፣ ግማሽ ብቻ አንስቼ በቀስታ እንድመታ አደረጉኝ። ከጓሯቸው የእንሰት ቅጠል ቀድደው ከኳሷ በስተኋላ መሬት ላይ ያነጥፋሉ። ቅጠሉ ከተቆረጠ መሬቱን አስቀድሜያለሁ ማለት ነው። የዚያን ሰሞን የቆረጥኩት ቅጠል ስንት ቆጮ በጠቀለለ!

ኳስ ስለተመናመነ የምለማመደው በጥሬ ዘይቱና ነበር። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ደብተሬን ጥዬ ከጓሮ የወደቀውን እለቅማለሁ። ዘይቱናው ሲመታ ይፈነዳል፤ ልብሴ፣ እጄ፣ ፀጉሬ ሳይቀር ዘይቱና ዘይቱና ይሸታል። ዛሬም ጅማ ገበያ ዘይቱና የደረደሩ ሴቶች ጋ ስደርስ እጄ ሳላውቀው ዱላ እንደያዘ ይጨበጣል።

ጋሽ አዴሎ አያዩኝም ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ለብሶት፣ አጠገባቸው የቆመ ሰው ራሱ እንደ ጥላ ነው የሚታያቸው። የሚያርሙኝ በጆሯቸው ነው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆማሉ። «ሁለት ድምፅ አለው፤ መጀመሪያ ኳሷ፣ ቀጥሎ መሬቱ። አንቺ ዘንድ ግን መሬቱ ይቀድማል» ይላሉ። በጣም ሲናደዱ ወደ አገራቸው ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ከድርና እኔ አዲስ ቅጠል ልንቀድ ወደ ጓሯቸው እንሮጣለን።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሴት ልጃቸው ከሀዋሳ መጣች። ዓይናቸው እንዲህ ሆኖ ብቻቸውን አይኖሩም፣ እወስዳቸዋለሁ አለች። እሳቸው አልተከራከሩም። የመሄጃቸው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ግን ሱቃችን በር ላይ መጥተው ጠሩኝ። «ከመሄዴ በፊት አንድ ኳስ በብረቱ ረግረጉን ስትሻገር መስማት እፈልጋለሁ» አሉ። «ከተሻገረች ብረቱ ያንቺ ነው። ብረት ለሚችልበት ሰው ነው የሚተወው።» ከዚያ ከረጢታቸውን ገልብጠው አንዲት ኳስ አወጡ። ቢጫ ናት። ዓይናቸው ሲደክም ቢጫ ይሻላል ብለው ያስቀመጧት ነበረች፤ ከእሷ ሌላ አልቀረም።

ጠዋት የጣለው ዝናብ ቆሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሜዳው ጨቅይቷል፤ የረጠበ ሣርና የከብት እበት ይሸታል። ከድር ረግረጉ ዳር ሄዶ መውደቂያዋን ሊያይ ቆመ። ጋሽ አዴሎ ቅጠሉን ከኳሷ በስተኋላ አነጠፉና ዞሩ። ብረቱን ይዤ ክብደቴን ግራ እግሬ ላይ ጣልኩ። ያን ብረት ፈልጌዋለሁ፤ ከብረቱ ይበልጥ ግን እሳቸው ያንን ድምፅ ሳይሰሙ እንዳይሄዱ ፈልጌያለሁ። ቢስሚላህ ብዬ መታሁ።

እጄ ምንም አልተሰማውም። በሳትኩ ቁጥር የሚነዝረኝ ዱላ ጭራሽ የመታም አልመሰለኝ። ቀና ስል የፊት ለፊት ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ፤ ኳሷን አላየኋትም። ወዲያው ከድር «ወላሂ ረግረጉ ውስጥ ገባች! አይቻታለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ልቤ ተሰበረ። ጋሽ አዴሎ ጎንበስ ብለው መሬቱን በጣቶቻቸው ዳበሱ። ቅጠሉን ነኩት፣ አልተቆረጠም፤ ከቅጠሉ ወዲያ የተገሸለጠውን መሬት ነኩት። «ተሻግራለች» አሉ። ከድር ዞሮ ማዶ ሄደ፤ በአጭሩ የታጨደውን ሣር ከዳር እዳር አየው። ከዚያ ሣር ላይ ቢጫ ነገር ቢወድቅ ለዕውር እንኳ ይታያል። «የለችም!» ብሎ ተጣራ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም እስከ ጉልበታችን ረግረጉ ውስጥ ገብተን፣ ጭቃውን በእጃችን እያሸን ስንፈልግ አመሸን። እሳቸው ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «ልጄ፣ በቃሽ ውጪ፤ እኔ ሰምቻለሁ» አሉኝ። እኔ እያለቀስኩ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የጅማው አውቶቡስ ይዟቸው ሄደ። ሱቁን ልንከፍት ስንወጣ ብረቱ በሩ ላይ ተደግፎ አገኘነው። አባቴ ደስ ይላታል ብሎ ሲያቀብለኝ አልያዝኩትም። ያልተሻገረች ኳስ ስጦታ ምጽዋት ነው አልኩ። አዛውንቱ አዝነውልኝ፣ ለማጽናናት ዋሽተውኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጊዜ አልመታሁበትም። አባቴ ከላይኛው መደርደሪያ ሳሙና ማውረጃ አደረገው፤ ለዚህ ደግሞ ማን ይመስለዋል! ጥቂት ዓመታት አልፈው የጋሽ አዴሎ መርዶ ከሀዋሳ ሲመጣም መጀመሪያ ያየሁት ወደዚያ ብረት ነው፣ ሳሙናው መሃል ተሰቅሎ።

እውነቱን ልናገርና፣ ያ ነገር ከልጅነቴ ጋር አልቀረም። ትምህርት ላይም ሥራ ላይም ሲከብደኝ ወደሚቀለኝ ነገር መዞር ለመድኩ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ አዝኖልኝ ይሆናል እላለሁ። የእንጨቱ ዓይነት ነገር አላጣሁም፤ የብረቱ ዓይነት ግን አልችልም ብዬ ተውኩት።

ዛሬ ያ ሜዳ የለም። ረግረጉ ተደልድሎ መንገድ ወጥቶበታል፤ ከብቶቹ የዋሉበት ቦታ ላይ የተሠሩት ቤቶች ቆርቆሮ ፀሐይ ሲነካው ዓይን ይወጋል። የዛሬ ልጆች እዚያ ሩር አይለጉም፤ ቦታም የላቸውም። ከድር ቤት የሚሠራበት ቦታ ከመንገዱ ወዲያ ነው፣ ጫካው ጥግ። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ ያገኙት በዝገት ያለቀ ጣሳ ነበር። ከጣሳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ደግሞ ኳሷን፣ ከላይ እንደ ድንጋይ ወርዳ የረጠበው አፈር ውስጥ ገብታ እንደተቀበረች።

«እኔ ማልኩ እንጂ አላየሁም ነበር፤ ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ» አለኝ ከድር። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ጭንቅላቱን ዳበስኩት። በሚቀጥለው ስትመጣ ብረቱን ከሱቁ አውርደህ አምጣልኝ አልኩት፤ አባቴ ሳሙናውን በሌላ ነገር ያውርድ።

እሱ ከሄደ በኋላ ኳሷን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። በዓይነ ልቦናዬ ያንን አመሻሽ ደግሜ አየሁት። ዓይን ያለን ሁለት ልጆች ረግረጉ ውስጥ ጎንበስ ብለን ጭቃ እናሻለን። ጋሽ አዴሎ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ቀርከሃው አዙረው ቆመዋል።