እትዬ ዓለምን ለካቻት

እህቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቆማ ጨርቅ ስትቆርጥ «ለምን?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም። ዓለምን ልዞር ነው ያለች ዕለት ግን አገር ምድሩ ምክንያት ጠያቂ ሆነ። ጎረቤቱ ጠየቀ፣ ባለሱቁ ጠየቀ፤ ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ደግሞ በመጠየቅ ብቻ አልቀረም። እኔም የሆነውን ልናገርና ይውጣልኝ።

እትዬ ነው የምላት፤ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። የምንሠራው አንድ ቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት አዳራሽ አለ፤ የሆስፒታል ጋውን፣ የሆቴል አስተናጋጅ ኮት፣ የተማሪ ሸሚዝ። እኔ መስኮቱ ሥር ማሽን ላይ ተቀምጬ እሰፋለሁ፣ እሷ መሀል ላይ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ቆማ ትቆርጣለች። ሆዷን የምታስደግፍበት የጠረጴዛው ጠርዝ ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ወጥቷል። ሠራተኛው «ሜትር» ይላታል፤ መለኪያው ከአንገቷ ወርዶ አያውቅምና። አንድ ሰው ገና በሩን አልፎ ሲገባ ትከሻውን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች፤ አለቃችን ሳይቀር እሷ ፊት ሆዱን ሳብ አድርጎ ነው የሚያልፈው።

የቆራጭ ዋናው ሙያ መቁረጥ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ሙያ ጨርቅ ማዳን ነው። የወረቀት ልኮቹን ጨርቁ ላይ ታዞራለች፣ ትገለብጣለች፣ እጅጌውን ከጀርባው ጎን ትሸጉጣለች፣ ኮሌታውን በተረፈችው ጠባብ ቦታ ታስገባለች። ሌላ ቆራጭ አሥር ጋውን ከሚያወጣበት እሷ አሥራ አንድ ታወጣለች። ለዚህ ሙያዋ የተሸለመችው አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ እሱም ወር ሳይሞላው ቆመ።

አላገባችም። ይህን የምለው ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ ነው እንጂ ለእኔ ጉዳዬ አይደለም። እኔ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ከሁለታችን የተጎዳችው ማን እንደሆነች እኛው እናውቃለን።

የጨርቅ ጥቅል ሲመጣ ጠርዙ ላይ የተሸመነበት ከተማ ስም ታትሞበት ይመጣል። ጠርዙ ተቆርጦ የሚጣል ነው። እትዬ ግን የወደደችውን ጨርቅ ጠርዝ ቆርጣ ፖስታ ውስጥ ታስቀምጣለች። እኔ ለዓመታት ለማሰሪያ የምታጠራቅም መስሎኝ ነበር። ለካስ ከተማ ነው የምታጠራቅመው።

ጋሼ አባታችን ካረፈ ጀምሮ የቤተሰቡ ፈላጭ ቆራጭ ነው። አዲስ ቤት ሲሠራ ከጓሮ በኩል አንዲት ክፍል አስጀመረ። «ለሁለታችሁ ነው» አለን። «ጡረታ ስትወጡ ብቻችሁን የት ትወድቃላችሁ? የልጅ ልጆቼንም ታዩልኛላችሁ።» ክፍሏ ሁለት አልጋ ትይዛለች። ግድግዳዋ ቆሟል፤ ጣሪያና ወለል የምታገኘው ግን እትዬ በቆጠበችው ገንዘብ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአከራይ ጋር መነታረክ ሰልችቶኛል፣ ጉልበቴም ደረጃ አልወድ ብሏል። እትዬ ክፍሏን ገብታ አየች፣ ዞር ዞር አለችባት፣ «ደግ» ብላ ወጣች። እኔም ተስማማች ብዬ ደመደምኩ።

በሦስተኛው ቀን ምሳችንን ስንበላ «ዓለምን ልዞር ነው» አለችኝ።

«አሞሻል?»

«ደህና ነኝ። አንድ ትኬት አለ። ብዙ አየር መንገዶች ተባብረው ነው የሚሸጡት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየሄድሽ፣ ሁለቱን ትልልቅ ውቅያኖሶች አንድ አንድ ጊዜ ተሻግረሽ፣ በተነሳሽበት በኩል ትመለሻለሽ። ዋጋው በማይል ነው። እስከዚህ ማይል ይህን ያህል፣ ከዚያ ካለፈ ይህን ያህል። አንድ ዓመት ይቆያል።»

«የክፍሉ ገንዘብስ?»

«የእኔ ገንዘብ ማለትሽ ነው?» አለችና ዳቦዋን ቆረሰች።

ወደ ትኬት ቢሮው ይዛኝ ሄደች። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ሴትዮ እትዬን ከጫማዋ ጀምራ ወደ ላይ አየቻት። «ማዘር፣ ለአንድ ከተማ ደርሶ መልስ ብናይልዎት አይሻልም?» አለች። እትዬም «መቼ ወለድኩሽ?» አለቻትና ከጨርቅ ጠርዞቿ የተለቀመ የሰባት ከተማ ስም ያለበትን ወረቀት ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ከተሞቹን በተጻፉበት ተራ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባችና ትልቁ ዋጋ መጣ። የእትዬ ቁጠባ የሚበቃው ከእሱ በታች ላለው ነው። «ሦስቱን ይተዉዋቸው» አለች ሴትዮዋ። እትዬ «አንዱንም አልተውም» አለች፣ የታተመውን ወረቀት ይዛ ወጣች።

ከዚያ የዓለም ካርታ ገዝታ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ አነጠፈችው። ሴትዮዋ ባተመችው ወረቀት ላይ የአንዱ መንገድ ማይል ተጽፎ ነበር፤ በካርታው ላይኛው ጫፍ፣ በቀዝቃዛው አገር በኩል ያለው። እትዬ እሱን በሜትር ለካች። ይህን ያህል ሳንቲሜትር ይህን ያህል ማይል ነው አለችና ሌላውን ሁሉ በዚያው ሒሳብ ሠራች። ከተሞቹን አቀያየረች፣ በካርታው መሀል መሀል ቀጥ ቀጥ አድርጋ አስኬደቻቸው፣ ደመረች። ቁጠባዋ ከሚበቃበት የማይል ገደብ በታች ሆነ፤ እንዲያውም ተረፋት። ልብሳችንን ቀይረን፣ አፋችንን ሞልተን ወደ ቢሮው ተመለስን።

ሴትዮዋ መታች መታችና ሳቀች። ከገደቡ ሦስት ሺህ ማይል ያህል አልፏል። «ማዘር፣ በሜትር ለክተው ነው እንዴ?» አለች ጮክ ብላ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። እዚያው የሆነ ነገር ልላት ስል እትዬ እጅጌዬን ጎተተችኝ። ደረጃውን ስንወርድ ፊቷ ፍም መስሏል። እኔ ደግሞ ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ በዚያ ሰዓት «በቃ ተዪው፣ ክፍሏም እኮ መጥፎ አይደለችም» አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝና «አንቺም?» አለችኝ። እስከ ቤት ድረስ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ የአስተናጋጅ ኮት ስትቆርጥ መቀሱን አስቀመጠችና ጠራችኝ። «ነይ እስቲ እዪ። ይሄ የትከሻ ልክ ነው። ትከሻ ክብ ነው፣ ወረቀት ጠፍጣፋ ነው። ክብን ነገር ጠፍጣፋ ላይ ላንጥፈው ካልሽ የሆነ ቦታ መለጠጥ አለበት። ካርታ የሚሠሩት ሰዎች የላይኛውን ጫፍ ለጥጠውታል። እኔ ጅሏ ደግሞ የለካሁት ከተለጠጠው ላይ ነው፤ ስለዚህ ሆዱ ጋ ያለው ሁሉ አጥሮ ታየኝ።» ራሷን ስትሰድብ ሰምቻት አላውቅም ነበር። «ዕድሜ ልኬን ዳሌና ትከሻ ስቆርጥ ኖሬ፣ መሬት አንሶላ መሰለችኝ።»

ለተማሪ የሚሸጠውን በእንጨት ላይ የሚዞር ክብ የዓለም ካርታ ገዛች። ክር ከእኔ ማሽን ወሰደች። ከከተማ ከተማ ክሩን ወጠር ስታደርገው በጠፍጣፋው ካርታ ላይ እብደት በሚመስል መንገድ ሽቅብ በበረዶው በኩል ሸርተት ይላል፤ እሱም ነው አጭሩ። «እዪ፣ የሚያጥርበትን ክሩ ራሱ ያውቀዋል» ትለኛለች። ሁለት ሳምንት ምሳዋን ቆማ በላች። ከተሞቹን እንደ ኮሌታና እንደ እጅጌ አዟዟረቻቸው። ሰፊውን ውቅያኖስ ከላይ በኩል አሻገረችው። አንድም ከተማ አልጣለችም።

በዚህ አላበቃችም። የትኬቱን ደንብ በደቃቁ የተጻፈውን ሁሉ አነበበች፤ እኔ እንኳን ደቃቁን፣ ትልቁንም በመነጽር ነው። እዚያ ውስጥ ያገኘችው ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያው ትኬት፣ ያው አውሮፕላን፣ ያው ወንበር፣ ጉዞውን የምትጀምሪበት አገር ከተለየ ዋጋው ይለያል። ከጎረቤት አገር ብትነሳ በሩብ ያህል ይቀንሳል። እዚያ ደግሞ አውቶቡስ በአንድ ቀን ያደርሳል። ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች፤ ግን ትንፍሽ አላለችም። ድንቄም ባለሙያ። በመሀሉ እትዬ ቪዛዎቹን አንድ በአንድ አስመታች፤ በየመስኮቱ የጠየቋትን ልዘርዝር ብል ሌላ ቀን ያስፈልገኛል።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ሴትዮዋ ገና ከሩቅ ፈገግ አለች። እትዬ ወረቀቱን አስቀመጠችላት፤ ከተሞቹ በተራቸው፣ መነሻው ከጎረቤት አገር። ሴትዮዋ መታች። ፈገግታዋ ጠፋ። እንደገና መታች። ከገደቡ ሁለት መቶ ምናምን ማይል ጎድሎ ቆመ።

«ማን ሠራልዎት?» አለች።

«እኔ። በሜትር» አለች እትዬ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሴትዮዋ አለቃዋን ጠራች፣ አለቃዋም አየና «ትክክል ነው» አለ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተከፈለ። የእትዬ ስልክ ኢሜይል የማይቀበል አሮጌ ስለሆነ ትኬቱ በእኔ ስልክ መጣ። ሴትዮዋ ለደንቡ ብላ አስረዳችን፦ እስከ እሑድ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ከተሰረዘ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ መልእክቱ ላይ አንዲት ቦታ መንካት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መመለስ የለም።

እትዬ ነገር መደበቅ አትችልበትም። እሑድ ጋሼ ቤት ምሳ ተጠርተን ሄድን፤ ምሳው ዘግይቶ ቀረበ፤ ገና ሳህኑ ሳይነሳ ነገረችው። የመሰረዙን ጉዳይ ሳይቀር ነገረችው። እኔ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ብረግጣት ወይ ፍንክች።

ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸም። «በስልሳ ዓመትሽ?» አለ። «ሰው ምን ይላል? ብትታመሚስ? ማን ያነሳሻል?» እትዬም «እዚህም ብታመም የሚያነሳኝ ሰው ነው፤ እዚያም ሰው አለ» አለችው። ግንባሩን ቋጠረ። እሷን እንደማያንቀሳቅሳት ያውቃል፤ ስለዚህ ወደ እኔ ዞረ።

«ስልኩ አንቺ ጋ ነው አይደል? አምጪው።»

እጁን ዘረጋ። እኔ ለዚህ ሰው እምቢ ብዬ አላውቅም። አግቢ ሲለኝ አግብቻለሁ፣ ቻዪው ሲለኝ ችያለሁ፣ የፈታሁትም እሱ ሲፈቅድልኝ ነው። እጄ ሳላዘው ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ይዞ ወጣ።

«አስቢበት» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷስ ትዞራለች። ያቺ ክፍል ካልተጨረሰች ሜዳ ላይ የምትቀሪው አንቺ ነሽ። እኔ ሁለተኛ አላስጀምራትም።»

እውነቱን ነው። ጉዳዩ እኮ ይሄ ነው፤ አልዋሸኝም። ሰዓቱ አሥር ከሩብ ይላል። ጣቴ ከመልእክቱ ላይ አንድ ስንዝር አይርቅም። እትዬን አየኋት። ትለምነኛለች ብዬ ነበር። አልለመነችኝም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «የፈለግሽውን አድርጊ፣ አልቀየምሽም» አለችኝ።

ብትለምነኝ ኖሮ ምናልባት እሰጠው ነበር። ያቺ ቃሏ ግን ሆዴን አባባችው፣ ከዚያም አናደደችኝ። በማን እንደተናደድኩ እስካሁን በደንብ አላውቀውም፤ በእሱ፣ ባቺ ባለሁለት አልጋ ክፍል፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የሰው እጅ ሲዘረጋ በምታዘዘው በእኔ። ስልኩን ደረቴ ውስጥ ወሸቅኩት።

«ጋሼ፣ አልሰጥህም።»

«ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል። ገንዘቡ የእሷ ነው፣ እግሩም የእሷ ነው። ክፍሏን ለዶሮም ቢሆን አድርጋት።»

ዶሮውን ባልጨምረው ይሻል ነበር፤ አንዴ አፌ ከተከፈተ ግን ልጓም የለውም። ጋሼ ቁጭ አለ። እኛም ቁጭ አልን። ሚስቱ ሻይ አመጣች፣ ማንም ሳይቀምሰው ቀዘቀዘ፣ መልሳ ወሰደችው። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ጊዜ «እናታችን ብትኖር» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔ ክንዴን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ ልክ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል፤ ብነሳ የማጎነብስ መሰለኝና አልተነሳሁም። እንዲያ ሆነን፣ ሦስት እህትና ወንድም፣ አንድ ሳሎን ውስጥ ሰዓት ስንጠብቅ ዋልን።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ሲሆን እትዬ ጫማዋን ማድረግ ጀመረች።

«ሂዱልኝ ከቤቴ» አለ ጋሼ።

ሄድን። በሩን ወጥተን ትንሽ እንደተራመድን እትዬ ክንዴን ያዘች። የአውቶቡስ ፌርማታው ጋ ደረስን። እዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ነው የጠየቀችኝ።

«አሁን አንቺ የት ልትኖሪ ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። «አንቺ ዞረሽ እስክትመጪ አገኝበታለሁ።»