የስለት ጉዞው ዋጋ

መቱ ገበያ ከሽብሬ ጋር በማር ዋጋ የተከራከረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም። እቃውን ከፍታ ታሸታለች፣ በጣቷ ጠቅ አድርጋ ትቀምሳለች፣ ከዚያ «ይሄ ንብ ስኳር ሲልስ የከረመ ነው» ብላ ትጀምራለች። ባለማሩ ቢምል ቢገዘት ወይ ፍንክች! ከጎሬ የሚመጣው ሁሉ ያማርራታል፤ በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣው ግን እሷው ዘንድ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልጇን ዳምጤን ያሳደገችው በዚሁ ምላሷ ነው።

ታዲያ ይህችው ሽብሬ የጉዞውን ነገር አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቅ ገባችበት። ዳምጤ ባጃጁ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦበት፣ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሩቅ አገር ሐይቅ መሃል፣ ደሴት ላይ ላለው የጻድቁ ገዳም ጥላ ላስገባ ብላ ተስላ ነበር። ልጁ ዳነላት። ስለት ላይ ደግሞ እነሱ ቤት ክርክር የለም፤ የተከራከሩበት ስለት አይሰምርም እየተባለች ነው ያደገችው። ቀዩን ባለወርቅ ዘርፍ ጥላ እንኳ የገዛችው ባለሱቁ በጠራላት ዋጋ ነው።

የጉዞው አስተባባሪ ጌድዮን ይህን የእናቶችን ጠባይ አሳምሮ ያውቀዋል። ማስታወቂያው «ደርሶ መልስ ሦስት ሺህ ብር» ይላል፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ማደሪያው፣ ስለ ጀልባው ትንፍሽ አይልም። ሽብሬ ከፈለች። ይህ አልበቃ ብሏት ጎረቤቷን ዋሪቱን ጎትጉታ አስመዘገበቻት።

«ማሎ፣ እባክሽ ሽብሬ፣ እኔ እኮ ውሃ እፈራለሁ» አለች ዋሪቱ።

«ለበረከት እየሄድሽ ምን ያስፈራሻል?»

ምነው ያን ጊዜ ምላሷን በያዘው!

አውቶቡሱ ሁሩሙን አልፎ ያዮ ሲደርስ የድምፅ ማጉያ ኪራይ ተጠየቁ። በደሌ ላይ የቁርስ ተባለ። ማደሪያቸው ሲደርሱ ደግሞ የከፈሉት ለወለሉ ነው፣ ፍራሽ ለብቻው ይታሰባል ተባሉ። ወይ ጉድ! ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ጌድዮን ነጠላውን አስተካክሎ ይነሳና በዚያ ለስላሳ ድምፁ «እናቶቼ፣ ለእግዚአብሔር ቤት አትሰስቱ» ይላል። ያጉረመረመው ሁሉ ይከፍላል። ገበያ ላይ ቢሆን ሽብሬ ይህን ልጅ መግቢያ ታሳጣው ነበር። አሁን ግን በየጊዜው መሀረቧን እየፈታች ትሰጣለች። ሌሊቱን የከፈለችውን በጣቷ ስትደምር አደረች።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ቀኑ ወደ ማታ አዘንብሏል፤ ነፋሱም ተነስቷል። ውሃው ደፍርሶ ዳሩን ይደበድባል። መረቡን የሚጠግን አንድ ዓሣ አጥማጅ ቀና ብሎ አያቸውና «በዚህ ሰዓት አይኬድም፤ ጠዋት ነው እንጂ» አለ። ጌድዮን ሰማው። «ጠዋት ይሁን ካላችሁ ይሁን» አለ ለሴቶቹ፣ «ግን ተጨማሪ አዳር ነው፤ የማደሪያ፣ የራት፣ የሾፌር ውሎ አበል ትጨምራላችሁ።» የማን መሀረብ ይቻለው? ሁሉም ዛሬውኑ እንሻገር አሉ። ያን ጊዜ ነው ጀልባው ለብቻው እንደሚከፈል የተነገራቸው። ላይፍ ጃኬት የሚፈልግ ደግሞ እሱን ለብቻው ይከራያል።

ሽብሬ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ቁም! ሁሉም ተደምሮ ስንት ነው? ጀልባ የሌለበት የደሴት ጉዞ አለ እንዴ? በዋና ልታሻግረን ነበር? ጃኬቱን ለሁላችንም ካልሰጠህ እግሬን አላነሳም!»

ጌድዮን ፈገግ አለ። «እትዬ ሽብሬ፣ ከጻድቁ ጋር ነው የሚከራከሩት?»

ሴቶቹ ክው አሉ። «ኧረ በስመ አብ!» አለች አንዷ እያማተበች። ዋሪቱ በጓደኛዋ ፈንታ አፈረች፤ ጠጋ ብላ ጥላውን ከእጇ ወሰደችባት።

«እኔ አደርስልሻለሁ። ስለትሽ መንገድ ላይ አይቅር።»

«ዋሪቱ፣ ተይ! እሄዳለሁ ካልሽም ጃኬቱን እኔ ልክፈልልሽ!»

«ለበረከት እየሄድኩ ምን ያስፈራኛል?»

ሽብሬ የገዛ ቃሏን ሰምታ ዳር ላይ ቀረች። ጀልባዋ እስከ አፏ ሞልታ ተነሳች። ጃኬት የለበሰው ጌድዮን ብቻ ነው፤ ጠፍሩን አጥብቆ አስሮታል። ቀዩ ጥላ ከሰው ሁሉ በላይ ከፍ ብሎ ለረጅም ጊዜ ታየ። ከዚያ አልታየም።

ይመለሳሉ የተባለበት ሰዓት አለፈ። ነፋሱ ባሰበት። ሽብሬ ከዳር ዳር ስትመላለስ ቆየች፤ ስትደውል የዋሪቱ ስልክ አይጠራም። ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር መረቡን ወደሚጠቀልለው ዓሣ አጥማጅ ሮጠች።

«ወንድሜ፣ በማርያም! ውጣና ፈልግልኝ!»

ሰውየው ውሃውን አየ፤ ትንሿን ጀልባውን አየ። «ቤንዚኑ ውድ ነው፣ እናቴ። በዚህ ነፋስ ደግሞ…»

መሀረቧን ፈታ የቀራትን ሁሉ መዳፉ ላይ ዘረገፈችው። ስንት ነው አላለችም። እሱ ግን ቆጠረው።

«ይሄ የመሄጃው ብቻ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ሽብሬ የጆሮ ወርቋን መፍታት ጀመረች።

«ሂድ!» ብላ ጮኸች። «አንተ ብቻ ሂድ!»