መቋሚያዬን ሰምታ የመጣችው

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየጾሙ እየቀረብሁ ያማሁትን፣ የተመኘሁትን፣ በቅዳሴ መሀል ያንቀላፋሁትን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ አለሁልሽን ግን ዘልያታለሁ። አለሁልሽ ውሻ ናት። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ያስገደልኋትም እኔ።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። በሰቆጣ በኩል ባለው ዝቋላ ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። አገሬው ሴት ቡችላ ስትወለድ «የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ትሰበስብብናለች» እያለ ገደል ይጥላል። ለልመና ስዞር አንዲቱን ከገደሉ ሥር እሾህ ይዟት ስትነፋረቅ አገኘኋትና አኩፋዳዬ ውስጥ ከቁራሹ ጋር ከትቻት ተመለስሁ። ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። የቆሎ ተማሪና ውሻ መቼ ታርቀው ያውቃሉ? «ጠላትህን በቁራሽህ ልታሳድግ ነው?» አሉኝ። እልህ ያዘኝ። አለሁልሽ ብዬ ሰየምኋት፤ እስክታረጅ ላልጥላት፣ ሰው የምትለይ ጨዋ ውሻ ላደርጋት ማልሁ።

አስተማርኋትም። ለምኜ ካመጣሁት እየቆረስሁላት፣ እየተቆጣሁ፣ እያባበልሁ። አኩፋዳ የያዘ ተማሪ ሲመጣ ዝም ማለትን ተማረች። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ከቅጥሩ በር ውጭ ተኝታ መጠበቅን ተማረች፤ ውሻ ከገባ ቅጥሩ ረከሰ ነውና በዚህ ቀልድ የለም። ስጠራት በፉጨት አልነበረም፤ ለዜማ ተማሪ ፉጨት ነውር ነው። መቋሚያዬን መሬት ላይ መታ መታ ሳደርግ ካለችበት ሮጣ መጥታ እግሬ ሥር ትተኛለች። እኔ ጾመ ድጓው አልገባ ብሎኝ ስዳክር እሷ ይህን ቶሎ ያዘች። እንዴት ኮርቼባት ነበር!

ኋላ ዜማዬን ላስፋ ብዬ ወደ ሰቆጣ ወጣሁ፤ ተከተለችኝ። የምፈልጋቸው መሪጌታ ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ ኃይለኛ ሰው ነበሩ። የደረስሁት ለደብራቸው ንግሥ ነው። አለሁልሽን በሩ ላይ ለሚቀመጡ አንዲት እማሆይ ስሟን ነግሬ አደራ ሰጠኋቸው። መሪጌታም «እስቲ ቁም፣ እንይህ» ብለው ከወረቡ ሰልፍ ዳር አስገቡኝ። መቀበሌና መባረሬ የሚለየው እዚያው ነበር።

ታቦቱ ወጥቶ ቆሟል። ከበሮው ተመታ፤ እኔም ከሰልፉ ጋር መቋሚያዬን መሬት ላይ መታ መታ አደረግሁ። እንዴት አላሰብሁም? ከዚያ በፊት ወረብ ቆሜ አላውቅም፤ መቋሚያ ለእኔ መደገፊያና እሷን መጥሪያ ነበር። እሷስ ምን ታድርግ? ጠራኋት፣ መጣች። በሕዝቡ እግር መሀል ሾልካ፣ ምንጣፉን ረግጣ፣ እግሬ ሥር ተኛች።

«ኧረ ታቦት ቆሞ! የማን ውሻ ናት?» ብለው አንድ ቄስ ጮኹ።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተ ናት እንዴ ልጄ?»

«አላውቃትም፣ የኔታ» አልሁ።

እኔ ነኝ ያልሁት። ማንም አንገቴን አላነቀኝም። «እንግዲያስ አስወጣት» አሉኝ፤ በዚያው መቋሚያ መታኋት። ሸሸች። ደግሜ ስሰነዝር ስቻት መሬቱን መታሁት፤ የጠራኋት መስሏት ተመለሰች። መታኋት። ሌላም ጊዜ ሳትሁ፤ ሌላም ጊዜ መጣች። እንዲህ እየጠራሁ እየመታሁ ከበሩ አወጣኋት። ውጭ ሰዉ በድንጋይ ጨረሳት። እንዳይጠረጥሩኝ ብዬ አንድ ድንጋይ እኔም ወረወርሁ።

እማሆይ ከተቀመጡበት ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ስሟን ማን ነበር ያልኸኝ?» አሉ። መቋሚያዬን ይዤ ወደ ሰልፌ ገባሁ።

ጴጥሮስ ጌታውን ክዶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። እኔስ? የንግሡን ዳቦ በላሁ፣ ጠላውን ጠጣሁ፤ ደግሞ ጣፈጠኝ! ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ ያ መጣፈጡ ነው። መሪጌታ ተቀበሉኝ። ዛሬ እኔም መሪጌታ እባላለሁ፤ እጄን የሚስሙኝ አሉ፤ የሚስሙት የትኛውን እጅ እንደሆነ ቢያውቁ ይተፉ ነበር።

ለነፍስ አባቴ ያልተናገርሁት ፈርቼ አይደለም። «ውሻ ናት እኮ!» ብለው ስቀው ትንሽ ስግደት ሰጥተው እንዳያሰናብቱኝ ነው። እናንተም ይፍታህ አትበሉኝ። በየንግሡ ወረብ እቆማለሁ፤ መቋሚያዬ መሬት ሲነካ ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል። እስከ ዛሬ እጠራታለሁ፤ አትመጣም።