በጎቹ የሚያውቁት ድምፅ

አንድ የሞላሌ ገበያ ቀን፣ ስልክ ወደምጠግንባት ቤት አንዲት ጎልማሳ ሴት የሚሸጥ በግ እየጎተቱ መጡ። በጉን ከበሩ ምሰሶ ጋር አሰሩና ከመቀነታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ባለቁልፍ ስልክ አወጡ። ጨርቁን ስፈታው ጠረጴዛዬ ላይ ዱቄት ተነሰነሰ።

«ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«በሶ ነዋ!»

ስልኩ የበጎቹ ውሃ መጠጫ ውስጥ ወድቆባቸው ነው። አምና ለጎረቤታቸው «ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል» ብዬ ነበርና ሰምተዋል።

«ሩዝ ከየት ላምጣ? ከገብስ ደግሞ እንደ በሶ የደረቀ የለም» አሉ።

በአሳባቸው ስህተት አላገኘሁበትም። ስህተቱ የጀመረው ከእኔ ምክር ነው።

«ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ ላድርግልዎት?»

«ሲሙን ምን አደርገዋለሁ? የባሌ ድምፅ ያለው እዚህ ውስጥ ነው!»

ባለቤታቸው ለግንባታ ሥራ ደብረ ብርሃን ከሄዱ ወዲህ በጎቹ በሴትዮዋ ጥሪ ወደ በረት አልገባ ብለዋል። ስለዚህ የባልየውን ጥሪ ስልኩ ላይ ቀድተው አመሻሽ ላይ ያሰሙታል፤ መንጋው ተግተልትሎ ይገባል።

«ደውለው ቢጠሩልዎትስ?»

«ሞክሮት ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ በግ ሲጠራ አብረውት የሚሠሩት ጠበል ሊወስዱት ተነሡ!» ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፀሐይዋን አዩ። «ዛሬ ካልሠራ በጎቼ ሜዳ ማደራቸው ነው። ጅብ ደግሞ ለነገ አይቀጥርም።»

አራቱን ብሎኖች ፈታሁ። በሶው ውሃውን ጠጥቶ ስፒከሩ ላይ እንደ ሊጥ ደርቋል። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ጥቂት በጥቂት አነሳሁት፤ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ከፈትኩ።

«ኧረ ፍጠን፣ አንተ ልጅ! በግ ወልዳ ግልገሏን ታስነሣ ነበር እኮ!»

ባትሪውን መልሼ ስልኩን አበራሁና የተቀዳውን ጥሪ ከፈትኩ። መጀመሪያ ኮሽታ፣ ቀጥሎ ረዥም፣ ጎርነን ያለ የወንድ ጥሪ ወጣ። ገመድ ሲበጠስ ሰማሁ። በጉ ዘሎ ገባ፤ በርጩማዬን ገለበጠ፤ የፊት እግሮቹን ጠረጴዛው ላይ ሰቅሎ የተነሰነሰውን በሶ ይልስ ጀመር።

«አየኸው? ጌታው የመጣ መስሎት እኮ ነው!» ሴትዮዋ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አሁን ይህን እንዴት አድርጌ እሸጠዋለሁ?»

የተበጠሰውን ገመድ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ስልኩን ከፍ አድርገው ይዘው ጥሪውን እያሰሙ ገበያውን መሃል ለመሃል ሰነጠቁት፤ በጉም ድምፁን እየተከተለ፣ ያለ ገመድ፣ ከኋላቸው።